ከፊት ወንበር ተቀምጬ ስለቀረሁባቸው አሥራ አንድ ቅዳሜዎች

ጊንጪ፣ ግንቦት 26 ቀን 2016 ዓ.ም.

በአምቦ ከተማ ለሚገኘውና ለክብሩ ስል ስሙን ለማልጠቅሰው ኮሌጅ
ክቡር ዲን
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ሳለ እንደሌለሁ ስለተረጋገጠልኝ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ጤናዎ ተሟልቶ፣ ቤትዎ ሰላም ሆኖ፣ የስልክዎም ባትሪ ከግማሽ ሳይጎድል እንዲያገኝዎ ምኞቴ ነው። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በአካል ደኅና ነኝ። በሲስተም ግን ከየካቲት ወር ጀምሮ የለሁም፤ ለመጻፍ ያነሳሳኝም ይኸው ነው።

ስሜ ቱፋ ኢዶሳ ይባላል። ዕድሜዬ ሃምሳ ዘጠኝ ሲሆን በጭልሞ ደን ሠላሳ አንድ ዓመት በጥበቃ አገልግያለሁ። ትምህርቴ አሥረኛ ክፍል ላይ የቆመ ነበር፤ እሱንም ያገኘሁት በማታ ተምሬ ነው። ባለፈው ዓመት በመሥሪያ ቤቴ የድጋፍ ደብዳቤ በኮሌጅዎ የቅዳሜ መርሐ ግብር በደን አያያዝ ተመዘገብኩ። የሥራ ባልደረቦቼ «አሁን በዚህ ዕድሜ ምን ሊያደርግልህ ነው?» ብለው ስቀውብኛል፤ ቢስቁም አልፈርድባቸውም። መልሱን ለእርስዎ ሳልደብቅ ልንገርዎ። ባለቤቴ ጉዴ በሕይወት ሳለች፣ ከሥራ ስገባ «ለመሆኑ የምትጠብቀው ዛፍ ስንት ነው?» ትለኝ ነበር። «ብዙ» እላታለሁ። «ብዙ ደግሞ ቁጥር ነው እንዴ? የሰው በግ የሚጠብቅ እንኳ ስንት እንደሆነ ያውቃል» ብላ ትስቅብኛለች። ለሃያ ስድስት ዓመት ጠየቀችኝ፣ ለሃያ ስድስት ዓመት «ብዙ» አልኳት። ካረፈች አራት ዓመት ሆናት። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት የጠበቅሁትን በቁጥር ልወቀው ብዬ ነው እንግዲህ ደጅዎ የመጣሁት።

ይህ ደብዳቤ በጋዜጣም በሰሌዳም ለሌሎች ዓይን የሚደርስ ስለሆነ፣ ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። የፊታችን ቅዳሜ ሰኔ 1 ቀን «የደን ልኬት» የሚባለው ትምህርት የማጠቃለያ ፈተና ይሰጣል። በኮሌጁ ደንብ ከሦስት ጊዜ በላይ የቀረ ተማሪ ለፈተና አይቀመጥም። እኔ በሲስተሙ መሠረት አሥራ አንድ ጊዜ ቀርቻለሁ። ትምህርቱ በዓመት አንዴ ብቻ ይሰጣል፤ እኔ ደግሞ በታኅሣሥ ጡረታ እወጣለሁ፤ ለጡረተኛ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍ መሥሪያ ቤት ደግሞ የለም። እንግዲህ በዚህ ቅዳሜ ካልተቀመጥኩ፣ የምቀመጥበት ሌላ ቅዳሜ የለኝም ማለት ነው።

ክቡርነትዎ ረጅም ነገር ለማንበብ ፋታ እንደሌለዎት ስለማውቅ ምስጋናዬን በቁጥር ከፋፍዬዋለሁ። መሀል ላይ መልእክት ቢገባልዎ የት ላይ እንዳቆሙ ለማወቅ ይቀልዎታል።

አንደኛ፦ በክፍላችን በር ላይ ስላስለጠፉልን ማስታወቂያ አመሰግናለሁ። የላይኛው መስመር «በመማሪያ ክፍል ውስጥ ስልክ መጠቀም በጥብቅ የተከለከለ ነው» ይላል። የታችኛው መስመር «አቴንዳንስ የሚያዘው በቴሌግራም ብቻ ነው» ይላል። ሁለቱም መስመሮች በአንድ ማኅተም የተመቱ በመሆናቸው አንዱን የሚያከብር ተማሪ ሌላውን መጣሱ አይቀርም፤ እንዲህ ያለ ሁሉንም እኩል ጥፋተኛ የሚያደርግ ደንብ ማውጣት ቀላል ሥራ አይደለም።

መምህሩ እንደ ድሮው ስም አይጠራም። በሦስቱ የትምህርት ሰዓታት ውስጥ፣ መቼ እንደሆነ ማንም በማያውቀው ደቂቃ፣ ከእርስዎ ቢሮ አራት አኃዝ ያለው ኮድ በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ይለቀቃል። ኮዱን በሁለት ደቂቃ ውስጥ መልሶ ያልላከ ተማሪ ቀርቷል። ሰዓቱ የተደበቀው፣ ራስዎ በስብሰባ ላይ እንደነገሩን፣ «የተማሪው ትኩረት ከመጀመሪያው ደቂቃ እስከ መጨረሻው እንዳይላላ» ነው። እውነትዎን ነው፣ አልላላም። አርባ የሚያህል ወጣት ሦስት ሰዓት ሙሉ ዓይኑን ሳይነቅል አንድ ቦታ ላይ ተክሎ ሲቀመጥ በዕድሜዬ ያየሁት በእርስዎ ኮሌጅ ነው። እኛ በጥበቃ ሥራችን እንዲህ ያለ ትኩረት ቢኖረን ኖሮ ከጭልሞ አንድ ወይራ ባልጠፋ ነበር፤ ብቻ ዓይናችን ዛፉ ላይ መሆን ነበረበት።

ሁለተኛ፦ በእጄ ስለያዝኩት ስልክ የሰጡኝን ትምህርት አመሰግናለሁ። የእኔ ስልክ ባለ ቁልፍ ነው። ባትሪው አምስት ቀን ይቆያል፣ መብራትም አለው፤ እኔ የምውልበት ቦታ ደግሞ የኤሌክትሪክ ምሰሶ የለም። ይደውላል፣ ይደወልለታል፣ ከዚህ ሌላ ሙያ የለውም። ኮድ አይገባውም።

እኛ ጋ አቴንዳንስ የሚያዝበት መንገድ ለክቡርነትዎ ኋላ ቀር ሊመስል ይችላል። በአሥራ አንድ ሰዓት ላይ እኔ ከወንዙ ወዲህ ካለው ጉብታ ላይ ቆሜ ባልደረባዬን ቦንሳን በስሙ እጣራለሁ። እሱ ከማዶ «ሆይ!» ይላል። ከመለሰ አለ፤ ወደየቤታችን እንገባለን። ካልመለሰ ተሻግሬ እሄዳለሁ። አንድ ክረምት ሳይመልስልኝ ቀርቶ ተሻግሬ ብሄድ እግሩ ተሰብሮ ገደል ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። «ለምን አልመለስክም?» ስለው «ድምፄን ለማቃሰት ተጠቅሜበት አለቀ» አለኝ። እንግዲህ የእኛ አሠራር ይሄ ነው፤ የቀረውን ሰው ምን ሆኖ እንደቀረ እስክናይ ድረስ ቀረ አንልም። በሪፖርት መልክ ለማዘጋጀት ግን አይመችም።

በእርስዎ ክፍል የመጀመሪያዎቹን አሥራ አንድ ቅዳሜዎች ከፊት ወንበር ተቀምጬ አሳለፍኩ። ሌላ የማየው ነገር ስላልነበረኝ መምህሩን አየሁት። መምህር ኩምሳም ሌላ የሚያየው ሰው ስላልነበረው እኔን አየኝ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሁለታችን መንገድ ላይ ተገናኝተው እንደሚያወሩ ሰዎች ሆንን። «ገባችሁ?» ብሎ ይጠይቃል፤ እኔ አንገቴን እነቀንቃለሁ፤ «ጥሩ፣ ገብቷችኋል» ብሎ ለክፍሉ በሙሉ ያልፋል። አንድ ቀን እኔ ሳል ይዞኝ ለሁለት ደቂቃ ወደ ውጭ ብወጣ፣ ስመለስ ትምህርቱን አቁሞ በመስኮት እያየ ጠበቀኝ። የእርስዎ ሲስተም በዚያች ቀን ክፍሉ ሙሉ እንደነበረና እኔ ብቻ እንደጎደልኩ ይመሰክራል።

ደግሞ ምንም ሳላደርግ እንዳልተቀመጥኩ ይወቁልኝ። ሌሎቹ ኮዳቸውን ሲልኩ እኔም «አለሁ፣ ቱፋ» የሚል የጽሑፍ መልእክት በባለ ቁልፉ ስልኬ ለመምህሩ እልክ ነበር። አሥራ አንድ መልእክት። አንዱን መልእክት በምልክበት ጊዜ ስልኬ ጮኾብኝ፣ የስልክ ክልከላውን ጥሰሃል ተብዬ የተገሠጽኩት እኔ ነኝ።

ሦስተኛ፦ ምሳሌ የሚሆን ተማሪ ስላሳዩን አመሰግናለሁ። ባለፈው ወር ኮሌጁ «ሙሉ አቴንዳንስ ያላቸው» በሚል ከአበባ ሥዕል ጋር በግሩፑ ላይ ስም አውጥቶ ነበር። ከላይ የተጻፈው የለሊሳ ስም ነው። ለሊሳ ጥሩ ልጅ ነው፣ ጨዋ ነው፤ በመልክ ግን የሚያውቀው ከክፍላችን ማንም የለም፤ ምክንያቱም ቅዳሜ ቅዳሜ ጌዶ ከብት ገበያ ነው የሚውለው። አምቦ አውቶቡስ መናኸሪያ በድንገት ተዋውቀን «አንተ ነህ ለሊሳ? እንኳን ደስ ያለህ» ስለው አፍሮ ሳቀ። «ኦቦ፣ ቀላል እንዳይመስልዎት» አለኝ። «ባለፈው በአንድ እጄ የበሬውን ገመድ ይዤ በሌላው ኮዱን እየላክሁ ሳለ በሬው አምልጦኝ እስከ አስፋልቱ ሮጫለሁ። ለትምህርት ስንል ስንት እንከፍላለን።» እኔ ለሊሳን አልከሰስኩትም፣ እርስዎም እንዳይነኩብኝ። በኮሌጁ ውስጥ ሲስተሙን በሚገባ የተረዳ ተማሪ ቢኖር እሱ ነው።

አራተኛ፦ ስለ ተግባር ትምህርቱ ቀን። ይህን ሳስታውስ ትንሽ ልቤ ያብጣልና ይቅር ይበለኝ። መምህር ኩምሳ በአራተኛው ቅዳሜ፣ ዛፍ ላይ ሳይወጡ ቁመቱን መለካት የሚቻልበትን ዘዴ አስተማረን። ከዓይን እስከ ተዘረጋ እጅ ድረስ ያለውን የሚያህል ዱላ ይቆረጣል። ዱላውን በተዘረጋው እጅ ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ ጫፉ ከዛፉ ጫፍ፣ ግርጌው ከዛፉ ግርጌ እስኪገጥም ድረስ ወደ ኋላ መሄድ ነው። ከቆሙበት እስከ ዛፉ ያለው ርቀት የዛፉ ቁመት ነው። ክፍሉ ይህንን በሥዕል ሰሌዳው ላይ ሲያይ ሁሉም ብድግ ብሎ በስልኩ ፎቶ አነሣው፤ ካነሣው በኋላ በአእምሮው መያዝ አላስፈለገውም። እኔ ግን ፎቶ ማንሻ ስለሌለኝ ያለኝ ምርጫ መስማት ብቻ ነበር።

በሳምንቱ ግቢ ወጣንና «ያን ባሕር ዛፍ ለኩት» ተባለ። ዱላም ቀርቦልናል። ወጣቶቹ በሙሉ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶውን ፍለጋ ጀመሩ። የአንዷ ከሠርግ ፎቶ ሥር ተቀብሯል፣ የአንዱ ሚሞሪ ሞልቶ ጠፍቷል፣ አንዱ «ላኩልኝ» ይላል፣ ሌላው «ኔትወርክ የለም» ይላል። የክፍላችን አለቃ ጂቱ፣ ልጄ የምትሆን ልጅ ናት፣ «አባባ፣ የእርስዎ የት ነው ያለው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ምኑ?» አልኳት። «ፎቶው» አለች። ዱላውን አንሥቼ ወደ ኋላ ሄድኩ። እስከ ዛፉ ያለው በእርምጃዬ አሥራ ዘጠኝ ሜትር ሆነ። መምህሩ ርቀቱን በሜትር አስለክቶ አሥራ ዘጠኝ ተኩል አገኘ። ተማሪዎቹ አጨበጨቡልኝ፣ በስልክም ቀረጹኝ፤ ጂቱም ቪዲዮውን ግሩፑ ላይ ለቀቀችው። ክቡርነትዎም በአውራ ጣት ምልክት ወደውልኛል። በዚያው ዕለት፣ በዚያው ግሩፕ፣ ቀርቷል ተብያለሁ።

በማግሥቱ፣ ከጸሎት ቤት ስወጣ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ከሥሩ ጥላ እየወሰድኩ የኖርኩትን ዝግባ ለካሁት። ሃያ ስምንት ሜትር ነው። እስከዚያ ቀን የማውቀው «ትልቅ» መሆኑን ብቻ ነበር። ለዚህ ኮሌጅዎን ከልቤ አመሰግናለሁ፤ ይሄኛው ምስጋና እንኳ ሌላ ነገር የለበትም።

አምስተኛ፦ ጉዳዬን ለማሰማት በመጣሁ ጊዜ ስለተደረገልኝ መስተንግዶ። መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ሬጅስትራር ነው። ወይዘሪት ኡርጂ መታወቂያዬን ተቀብላ ኮምፒውተሩን ካየች በኋላ «ኦቦ ቱፋ፣ እርስዎ እኮ የሉም» አለችኝ። «ናን ጅራ» አልኳት፣ አለሁ ማለቴ ነው። «እሱማ እኔም እያየሁዎት ነው፤ እዚህ ጋ ግን ቀይ ነዎት» ብላ ስክሪኑን አዞረችልኝ። እውነቷን ነው፤ ከስሜ ፊት አሥራ አንድ ቀይ ነጥብ እንደ በርበሬ ተሰጥቷል። «ታዲያ ከሁለታችን ማንን ታምኛለሽ?» አልኳት። «እኔማ እርስዎን ባምን ደስ ይለኛል፤ ወደ ላይ የሚላከው ግን ይሄኛው ነው» አለች። የላክኋቸውን አሥራ አንድ መልእክቶች አሳየኋት። አንድ በአንድ አነበበቻቸው፤ ስምንተኛው ላይ «ዛሬም አለሁ፣ ዝናብ መትቶኛል፣ ቱፋ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ቀጥላም «ኦቦ፣ ይሄ እኮ የተላከው ለሰው ነው፤ ለሲስተም አይደለም» ብላ ወደ እርስዎ መራችኝ።

እርስዎም በደግነት ተቀበሉኝ። ወንበር አመለከቱኝ፣ «ይቀጥሉ አባቴ፣ እየሰማሁዎት ነው» አሉኝ። ዓይንዎ ከስልክዎ ላይ ነበር። እኔም ከየካቲት ጀምሬ በቅደም ተከተል አስረዳሁ። እርስዎ «እሺ»፣ «ልክ ነው»፣ «በጣም ጥሩ» ይሉ ነበር። «በጣም ጥሩ» ያሉት አሥራ አንድ ጊዜ መቅረቴን ስነግርዎ ስለነበር ትንሽ ተጠራጠርኩ። እዚህ ላይ አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ፤ ሌላ ሰው ከሚነግርዎ እኔው ልናዘዝ። ድምፄን ሳልለውጥ «በተጨማሪም ከጭልሞ አንድ ጉሬዛ ይዤ መጥቼ ኮሪደሩ ላይ አስሬዋለሁ» አልኩ። እርስዎም «በጣም ጥሩ፤ ለሬጅስትራር ያስረክቡልን» አሉኝ።

ውሸት ስለነበር ማታ በጸሎቴ ይቅርታ ጠይቄበታለሁ። ወይዘሪት ኡርጂ ግን በር ላይ ጠብቃ «ምን አሉዎት?» ስትለኝ እውነቱን መናገር ነበረብኝ፤ «ጉሬዛውን ላንቺ እንዳስረክብ አዘዋል» አልኳት። እስከዛሬ ስታየኝ ፊቷን በመዝገብ ትሸፍናለች።

ስድስተኛውን መጻፍ አልፈለግሁም ነበር። አምስት ምስጋና ለአንድ ዲን ይበቃል ብዬ ደብዳቤውን አጥፌው ነበር። ነገር ግን በማለዳ ስጸልይ፣ የሌላው ሰው ዓይን የት እንደነበረ እየጻፍኩ የራሴን መደበቄ ቆረቆረኝና ገልጬ ጨመርኩት።

ነቀምት የምትሠራው ልጄ ዱረቲ ነገሩን ሰምታ «አባዬ፣ በዚህ ዕድሜህ ከኮሌጅ ጋር ምን ያጣላሃል? እንካ፣ እንደ ሰው ያዝ» ብላ አንድ ስማርት ስልክ ላከችልኝ። ጂቱ ቴሌግራሙን ከፈተችልኝ፤ እንዴት እንደሚነካ አሳየችኝ። እንግዲህ በመጨረሻዎቹ ሦስት ቅዳሜዎች በሲስተሙ ውስጥ ገባሁ። አረንጓዴ ሆንኩ። ወይዘሪት ኡርጂ በመስኮት «አሁን መጡ!» ብላኛለች፣ ከዚያ በፊት እንዳልመጣሁ ሁሉ።

በመጀመሪያው አረንጓዴ ቅዳሜዬ ከፊት ወንበር ተቀምጬ ኮዱን መጠበቅ ጀመርኩ። ኮዱ መቼ እንደሚመጣ ስለማይታወቅ ስልኩን አየዋለሁ። ስልኩ ደግሞ ዝም ብሎ አይታይም፤ ሲያዩት አንድ ነገር ያቀርባል። ያቀረበልኝም አንድ ሪዛም ሰውዬ ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ የዛገ መጥረቢያ ሲጠግን ነው። ዝገቱን ይሞርዳል፣ ስለቱን ያወጣል፣ እጀታ ይጠርብለታል። ሠላሳ አንድ ዓመት መጥረቢያ ስቀማ የኖርኩ ሰው፣ መጥረቢያ ሲታደስ አርባ ደቂቃ አፌን ከፍቼ አየሁ። ሲያበቃ ሌላ መጣ፤ እሱ ደግሞ መጋዝ ነበር። በመሀል ኮዱ ገባ፤ በሃያ ሰከንድ ውስጥ ላክሁ። ከክፍሉ አንደኛ ነበርኩ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ትምህርቱ ሲያልቅ ቀና ብል ሰሌዳው ሞልቷል። ጂቱን «ዛሬ ምን ነበር?» አልኳት። እሷም ስላልሰማች ፎቶዋን ከፍታ አነበበችልኝ፤ «የአንድ ደንን ዛፍ ብዛት በናሙና ቦታ ስለመገመት» ይላል።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ኮሌጅዎ የገባሁት ለዚያች ለአንዲት ቀን ትምህርት ነው። ሰው ዛፍን አንድ በአንድ ሳይቆጥር ደኑን በሙሉ የሚቆጥርበትን ዘዴ፣ መምህር ኩምሳ ከእኔ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቆሞ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲያስረዳ እኔ የማላውቀው ሰውዬ መጥረቢያ ላይ ነበርኩ። መምህሩ በመሀል እንደ ልማዱ «ገባችሁ?» ብሎ አይቶኝ እንደሆነም አላውቅም። ቀና ብዬ ስላላየሁት እንጂ አይቶኝ ይሆናል። ስንወጣ በር ላይ «ኦቦ፣ ዛሬ ደክሞዎታል?» አለኝ። «ኧረ ደኅና ነኝ» አልኩት።

እንዲህ ከሆነ በኋላ እንኳ ስልኩን አልተውኩም፤ እዚህ ላይ ነው ራሴን የታዘብኩት። በሁለተኛውም ቅዳሜ ያው ሆነ፣ በሦስተኛውም። ሦስተኛው ላይ ምን እንዳየሁ እንኳ አላስታውስም። በየመሀሉም ዱር ውስጥ፣ ኔትወርክ የሚይዘው ጉብታ ላይ ለመቆም ሰበብ እፈልግ ጀመር፤ ቦንሳን ለመጥራት የቆምኩ እየመሰልኩ። አንድ ቀን ለጸሎት ተንበርክኬ «አሜን» ሳልል እጄ ኪሴ ውስጥ ገብቶ አገኘሁት። ከዚያ በፊት በወጣቶቹ ላይ በልቤ ብዙ ፈርጄ ነበር። ሦስት ሳምንት እንኳ አልቻልኩም፤ እነሱ ከዚህ ነገር ጋር ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲታገሉ፣ ኮሌጁ ደግሞ «ዓይናችሁን ከሱ ላይ ብትነቅሉ ትቀራላችሁ» ይላቸዋል። ስለዚህ ወቀሳዬን ከእነሱ ላይ አንሥቼ ግማሹን ለራሴ ወስጃለሁ፤ ቀሪውን ግማሽ በክብር ለእርስዎ አስረክባለሁ።

እንግዲህ ወደ ልመናዬ ልግባ። ብዙዎች «ሦስቱን አረንጓዴ ይዘህ ለአሥራ አንዱ ይቅርታ ጠይቅ» ብለው መክረውኛል። ይህን ማድረግ አልችልም፤ ይቅርታ የምጠይቅበት አሥራ አንዱ ሳይሆን ሦስቱ ነውና። በመሆኑም ክቡርነትዎ የሚከተለውን የእርምት ትእዛዝ ለሬጅስትራር እንዲሰጡልኝ በትሕትና አመለክታለሁ፦ በአሥራ አንዱ ቅዳሜዎች ክፍል ውስጥ ስለነበርኩ «ተገኝቷል» ተብሎ ይጻፍልኝ። በመጨረሻዎቹ ሦስት ቅዳሜዎች ግን ክፍል ውስጥ ስላልነበርኩ፣ የተሰጡኝ ሦስት አረንጓዴ ነጥቦች ተሰርዘው «ቀርቷል» ተብሎ ይመዝገብብኝ።

በዚህ መሠረት የቀረሁት ሦስት ጊዜ ይሆናል። ደንብዎም የሚፈቅደው እስከ ሦስት ነው። ለእኔ ተብሎ የሚጣስ ደንብ አይኖርም። የፊታችን ቅዳሜ እቀመጣለሁ፤ የዛፍ ቁመት ከመጣ እሠራዋለሁ፣ የግንድ ውፍረት ከመጣ እሠራዋለሁ። የደኑን ዛፍ ብዛት በናሙና ስለመገመት የሚጠይቀውን ጥያቄ ስደርስበት ግን ቦታውን ባዶ እተወዋለሁ፤ የዚያን ቀን አልነበርኩም።

ከፍ ካለ አክብሮት፣ ከተዘጋ ስልክና ከተቻለው ሁሉ ትዕግሥት ጋር፣
በአካል ብቻ የሚገኘው ተማሪዎ
ቱፋ ኢዶሳ
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለሬጅስትራር ቢሮ፣ ለወይዘሪት ኡርጂ
ለመምህር ኩምሳ፣ ከይቅርታ ጋር
ማንም ለማያነበው የኮሌጁ ማስታወቂያ ሰሌዳ

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ መልስዎ እምቢታ ከሆነ እንዳይቸገሩ ቀድሜ ላሳውቅዎ። ስማርት ስልኩን ለዱረቲ መልሻለሁ፤ ስለዚህ ከፈተና አዳራሹ እንድወጣ በቴሌግራም ቢያዙኝ ትእዛዝዎ አይደርሰኝም። ቅዳሜ በሁለት ሰዓት ተኩል ወንበሬ ላይ እገኛለሁ። እንድነሣ ከፈለጉ ራስዎ በእግርዎ መጥተው፣ ፊቴን አይተው፣ «እርስዎ እዚህ የሉም» ብለው ይንገሩኝ። ያን ጊዜ ያለ አንዳች ክርክር እነሣለሁ።